በር ላይ የቆመው ሰውዬ

መቶ ስልሳ አራት ነው የመሰላሉ እርከን፣
እቆጥረዋለሁ ሌት፣ እቆጥረዋለሁ ቀን።
ጫፉ ላይ ጎጆ አለች፣ መስታወትና ብረት፣
ከፖቲ ወደብ ላይ፣ ከጥቁር ባሕር ፊት።
ሥራዬ ክሬን ነው፤ ኮንቴይነር አነሣለሁ፣
ከመርከብ ነቅዬ መኪና ላይ እጥላለሁ።
ኦቲያ ይሉኛል። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው።
ዝናብ ሲመጣ ጉልበቴን ያመኛል፤
እዚህ ደግሞ ዝናብ እንግዳ አይደለም፣ ቤተኛ ነው፣
ሳያንኳኳ ነው የሚገባው።

በመከር መግቢያ፣ የቤተ መጻሕፍቷ ዶዶ
ካርቶን ላይ ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈች፦
«መቶ ቀን፣ መቶ ገጽ። የሚደፍር ይመዝገብ።»
አሥራ ዘጠኝ ሆነን ተመዘገብን፤
ዓሣ ነጋዴው ሳይቀር፣ ጡረተኛው ዳኛ ሳይቀር።
ያን ምሽት ሁላችንም ደራሲ ነበርን።

የመጀመሪያው ሳምንት! ኧረ እንዴት ያለ ነው!
ቃሉ እንደ ሪዮኒ ወንዝ ግንድ እየገፋ ይወርድ ነበር።
ገጹ ሞልቶ ሲተርፈኝ
የሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ እጽፍ ነበር።

ከዚያ ቀናቱ ረዘሙ።
በሠላሳኛው ዳኛው ተሰናበተ፣ «ፍርድ መጻፍ ይቀላል» ብሎ።
በአርባ አራተኛው ነጋዴው ደብተሩን ገነጣጥሎ
ዓሣ ጠቀለለበት።
እኔም ከእሱ ገዛሁ። ምዕራፍ ሦስት ደረሰኝ፤
ቤት ወስጄ አነበብኩት፣ አይከፋም።

ዛሬ ስልሳ ሦስት ነው። ሦስት ሰው ቀርተናል።

ድካም የምላችሁ እንቅልፍ እንዳይመስላችሁ፣
እንቅልፍስ ደግ ነበር፤ ተኝታችሁ ይለቃችሁ።
ይሄኛው ሌላ ነው፤ ከቃል ሥር ይገባል፣
«ማን ይፈልገዋል?» እያለ ይስባል፤
ነጠላ ሰረዙን ኮንቴይነር ያህል ያከብደዋል።

የኔ ሰውዬ ደግሞ፣ በልቦለዴ ያለው፣
ከሃምሳ ስምንተኛው ቀን ጀምሮ በር ላይ ነው።
አሥራ አንድ ዓመት የተኳረፈውን ወንድሙን ሊያይ መጥቶ
ለማንኳኳት እጁን አነሣ፤ እኔ እዚያው ላይ ደከመኝ።
እጁ እንደ ተነሣ ቀረ።
አምስት ቀን ሙሉ ስለ በሩ ቀለም፣ ስለ ጎረቤት ውሻ፣
ስለ ማጠፊያው ዝገት ጻፍኩ፣ ገጹ እንዲሞላ ብቻ።

ትናንት ማታ ዡዡና፣ ሚስቴ፣ ጫማዬን ምድጃ ሥር እያደረቀች
«ተወዋ» አለችኝ፤ «ሽልማቱ ምንድን ነው?»
«የዶዶ ኬክና አንድ እስክሪብቶ።»
ሳቀች። ሳቋን ጨርሳ ደግሞ
«ሰውዬውስ?» አለች። «በር ላይ ያቆምከው። እዚያ ይዘንባል ወይ?»
ደብተሩን ገለጥኩ።
ይዘንባል። እኔው ነኝ የጻፍኩት፣ ገጽ ሃምሳ ሰባት ላይ፦
«ዝናቡ አላባራም።»

ዛሬ ነፋሱ በረታ፣ ክሬኖች ይቁሙ ተባለ፣
ጎጆዋ ትወዛወዛለች፣ ባሕሩ አመድ መሰለ።
ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ፣ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ
ጠበቅኩ። የዕርቅ ንግግር አስቤ ነበር፣
እንባ፣ መተቃቀፍ፣ የእናታቸው የእጅ ሰዓት።
አንዱም አልመጣም።
ብቻ መሰላሉ ትዝ አለኝ። መቶ ስልሳ አራቱን
በአንዴ ወጥቼ አላውቅም፤ ጠዋት ጠዋት የማየው
እግሬ ሥር ያለውን፣ እርጥቡን፣ አንዱን ነው።
ይህን ስል ጥበብ እንዳይመስላችሁ፤
ወደ ላይም ወደ ታችም ካየሁ ያዞረኛል፣ ሌላ አይደለም።

ጻፍኩ፦
«አንኳኳ።»

ሬዲዮው ጮኸ። ጆንዶ ነው፣ ከታች፦ «ኦቲያ፣ ውረድ፣ ሻይ አለ!»
«ቆይ» አልኩት፤ «በር ላይ ሰው አለብኝ።»

ከዚያ ደግሞ፦
«ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ፣
ቀስ እያለ የሚጎተት።»
ወንድሙ አርጅቷል ማለት ነው።
ይህን አላውቅም ነበር። እኔም አሁን ገና ሰማሁ።

ገጹ አልሞላም፣ ሩቡ ነው። ዶዶ ትቁጠረው አትቁጠረው እንጃ።
ሠላሳ ሰባት ቀን ይቀራል። ጉልበቴን ያመኛል።
ነፋሱ ሲበርድ እወርዳለሁ፣ ነገ እወጣለሁ፤
ቁልፉ ሲዞር ሰምቻለሁ፣
የሚከፍተውን ፊት ሳላይ የት እሄዳለሁ?