ቃለ ጉባኤ

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ የሰው ንግግር ሰምቼ፣
እንደ ዱቄት ነፍቼ፣
ሻካራ ሻካራውን በወንፊት አስቀርቼ፣
የላመውን ብቻ ወደ በላይ እልካለሁ፤
"ተብሏል"፣ "ተነሥቷል"፣ "ተጠቁሟል" እላለሁ።
ስድብ ከሆነ "ቅሬታ"፣ ለቅሶ ከሆነ "ስጋት"፤
አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አልወጣሁም ከዚህ ሥርዓት።

ቦታ፦ ኮምቦልቻ፣ የቀበሌው አዳራሽ።
ቀን፦ ግንቦት ሁለት፤ ቆርቆሮው በሐሩር ሲንጣጣ፣
ሦስት እንግዳ ከላይ ወፍራም ሰነድ ታቅፎ መጣ።
ሽፋኑ ላይ ቅጠል አለ፣ አረንጓዴው ዓይን የሚያጭበረብር።
"የሀገሪቱ የዘላቂነት ስትራቴጂ፣ ረቂቅ" ይላል ርእሱ፤
"እናንተ ያልመከራችሁበት አይጸድቅም" አሉ፣ "እንግዲህ አንሡ።"

ሸህ ኑርዬ ዱዓ አደረጉ፤ "አሚን" አለ አዳራሹ።
ቄስ መንክር ቀጥለው መረቁ፤ "አሜን" አለ ያው አዳራሹ።
የትኛውን ልጻፍ ብዬ እስኪርቢቶዬ ቢያመነታ፣
"ጸሎት ተደርጓል" አልኩና አለፍኩት በዝምታ።

ጦይባ ተነሣች፣ ከድልድዩ በታች ጎመን የምትተክል፤
"እኔ" አለች፣ "የቀን መቁጠሪያ ግድግዳዬ ላይ አልሰቅል፤
ቦርከና ቀይ ከመጣ ሰኞ ነው፣
ሰማያዊ ከሆነ ረቡዕ ነው፣
አረፋ ከያዘ ዓርብ፤
እሑድ ብቻ ነው ውሃ ውሃ የሚመስለው፣ ማሽኑ ሲያርፍ።
ልጄን ወንዝ ሣል ቢሉት 'በየትኛው ቀለም?' ብሎ ጠየቀኝ፤
ይኸው ከጠዋት ሰማኋችሁ፣ ለሱ የምነግረው አጣሁኝ።"
"የውሃ ብክለት ስጋት ተነሥቷል" ብዬ ጻፍኩኝ።

ሙህዲን ባጃጁን በር ላይ ሳያጠፋ አቁሞ ገባ፤
"አንዲት ቃል ናት ያወከችኝ፣ በየገጹ የምትገባ፤
'ባለድርሻ አካል' ትላላችሁ፤ አካሉስ እኔው ነኝ፣ ይኸው ቆሜያለሁ፤
ድርሻው ግን የታለ? ባጃጄ በር ላይ ናት፣ ጭኜ እሄዳለሁ።"
ሰው ሳቀ። እንግዶቹም ሳቁ።
ሳቅ ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም፤ ተውኩት።

ወይዘሮ ትሁነኝ ተራ ሳይጠብቁ፣ በምርኩዛቸው መሬቱን መትተው፦
"ጥንት በአውጫጭኝ ጊዜ፣ ያገር ሰው ሜዳ ወጥቶ፣
ሌባው ሳይለይ የሚሄድ የለም፤ ዝናብ ቢወርድም፣ ተርቦም፣ ተጠምቶ።
ዛሬማ ብስኩት ታድሏል፤
ስድስት ሰዓት ሲሞላ ጥፋቱም ጥፋተኛውም አብሮ ይበተናል።"

አሊጋዝ ግን አልተናገረም።
ከኋላ ወንበር ተነሥቶ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ከፎጣው ሥር
ጠርሙስ አወጣ፤ እንግዶቹ ከሚጠጡት የታሸገ ውሃ ጋር
አሰልፎ አቆመው።
ጎሕ ሲቀድ የተቀዳ ቦርከና፤ ቀኑ ረቡዕ ነበር።
"አስተያየቴ ይኸው" አለ፤ ሄዶ ተቀመጠ።
ከዚያ በኋላ ከጠረጴዛው ላይ ማንም ሰው አልጠጣ።

ወንፊቴን ባነሣ የሚነፋ ቃል የለም።
ቅጹ ደግሞ ቀድሞ ተተይቧል፦ "ተሳታፊው በሙሉ ድምፅ ደግፏል"፤
የቀረው የእኔ ፊርማ ነው፤ ማኅተሙ እንኳ አርፏል።

አልፈረምኩም ልበል? ፈርሜያለሁ፤ ልጆች አሉኝ።
ግን ከፊርማዬ ሥር አንዲት መስመር ጨመርኩኝ፦
"አባሪ፦ አንድ ጠርሙስ።"

በማግስቱ ሐረጎን ሽቅብ በሚኒባስ፣
በጉልበቴ መሀል ይዤው ደሴ እስክደርስ፣
ክዳኑ ላላ ብሎ ሱሪዬን ነከረው፤
ሦስቴ ታጥቦ እስከ ዛሬ ሰማያዊው አልለቀቀው።

መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ቁጥር እየሰጠች
"አባሪው ስንት ገጽ ነው?" አለች።

ክዳኑን ከፈትኩላት።