የክንፍ ልክ

ክንፉን እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ ተሸክሞ
ከድሬዳዋ መጣ፣ የመንገዱን አቧራ ቅሞ።
አሜሪካዊው ዌንደል። «ደቻቱ አሸዋ ላይ ስወርድ
ግራር ቀደደብኝ» አለ በአስተርጓሚ፣ ጣቱ ሲርድ።
እኔ እንግዲህ የሙሽራ ሱሪ ሰፊ ነኝ፤
የክንፍ ልክ ውሰድ ያለኝ ገና አልገጠመኝ።

መኪና ግርግር መሐል ዘረጋሁት፤ ሸራ ነው፣
ሙጫ የጠጣ ሸራ፣ ፀሐይ የሚያሳልፈው።
ሲንጀሬን እየረገጥኩ ወሬውን ሰማሁ፤
የፈረንሳይ ሰማይ፣ የዚያ የትልቁ ጦርነት።
«ከእኛ የቀደሙት ጠላት ሲያልፍ እጅ ይነሱ ነበር አሉ፤
እኛ ስንደርስ መትረየሱ ተጠምዷል።»
ጓደኛው፣ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ፣
ጠላቱን ሊከተል ቁልቁል ተወረወረ።
«ጥይት አልነካውም» አለ ዌንደል።
«ጨርቁ ነው። ከክንፉ ላይ ተገፈፈ፣ እንደ በግ ቆዳ።»

እግሬ መርገጫው ላይ ቀረ።
የሰፋሁትን ክንድ ሙሉ ተረተርኩት።
እንደገና፣ በእጄ፣ ሰም በጠጣ ክር፣
ድርብ አድርጌ እስከ መግሪብ።
የዚያኛውን ማን ሰፋው ብዬ ልጠይቅ ነበር፤
አስተርጓሚው ተኝቷል።

ሲነሳ ላይ ድሬ አልወረድኩም።
ግን እስከ ዛሬ ሞተር በሰማሁ ቁጥር
አውራ ጣቴ ሳላዘው
የሽርጤን ጠርዝ ይዳስሳል።