ጉድጓድ አሥራ ሰባት

የፔይፕሲ ሐይቅ ሲረጋ፣ ታርቱ ላይ በረዶ ሲወድቅ፣
እኔ ቢሮ ተቀምጬ የኤፊምን ደብተር ስጠብቅ፣
አርባ ሁለት ጉድጓድ ሰርስሮ፣ በእርሳስ ውፍረቱን ጽፎበት
ከኮልክያ ይልክልኛል፣ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎበት።

ስሙ አንድ ፊደል በሆነ የስታቲስቲክስ ቋንቋ
ሳምንት ሙሉ ቁጥር ለቀምኩ፣ ዓይኔ እስኪቀላ፣ ጣቴ እስኪነቃ።
ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሠንጠረዥ። ለሠንጠረዡ ስም።
ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ እዚህ ግን መልአኩ ዙር ነው፣
«በረዶ» ከሚል ቃል ጀርባ ቁጥር እየቀጠለ ሰየመው፤
በረዶ_1፣ በረዶ_2፣ እስከ አርባ ሁለት ድረስ፣
አርባ ሁለት ክርስትና፣ ያለ ቄስ፣ ያለ አበልጅ፣ ያለ ድግስ።

እኩለ ሌሊት ላይ ዙሩን ደግሜ አስነሣሁት፤
እያንዳንዱን በየስሙ ፋይል ውስጥ አስቀምጥ አልኩት።
አርባ ሁለት ፋይል ወጣ። ቆጠርኩ። ልክ ነው።
ልዘጋው ስል እንደ ልማዱ ጠየቀኝ፦
«ገበታሽ ላይ ያለውን ላስቀምጥልሽ?»
«አይ» አልኩት። ያስቀመጠ ሰው ድጋሚ ምን ያስቀምጣል?
መብራት አጠፋሁ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ያመልጠኛል።

ጠዋት የመጀመሪያውን ከፈትኩ።
ውስጡ አንዲት ቃል፦ «በረዶ_1»።
ሁለተኛውን። «በረዶ_2»።
ውፍረት የለ፣ ቀን የለ፣
ፖስታው ላይ የጻፍኩትን አድራሻ
ደብዳቤው ላይም ደግሜ፣ ሌላ ምንም ሳልጽፍ የላክሁ ያህል።

ታቬት ከጎኔ ጠረጴዛ፣ ካሮት እየቆረጠመ፣
ኮዴን አየና ሊስቅ ሲል፣ ፊቴን አይቶ ቆመ።
«ማይሬ፣ ምን በደለሽ፣ ያዘዝሽውን ነው ያደረገው፤
ስሙን አስቀምጥ አልሽው እንጂ ባለስሙን መች ጠራሽው?
‹ዝርዝር› በሚለው በር አስገቢው፤ ያን ጊዜ ቃሉን ትቶ
በቃሉ ይጣራል፤ ‹አቤት› ያለውን ያመጣል ጎትቶ።»
አንዲት ቃል፣ አንዲት የእኩል ምልክት።
ለሷ ነው ሳምንቴ የሄደው።

ደብተሩን እንደገና ገለጥኩ። አሥራ ስድስት ድረስ ሰላም።
አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ ውሃ ገብቶ
እርሳሱ ታጥቦ ደመና ሆኗል።
ባለፈው በስልክ ነበር የነገረኝ፣ ሳያመነታ፣ ከራሱ፤
«እዚያ ጋ ሌሊት ሌሊት ያቃስታል፣
ከሥሩ ምንጭ ሳይኖር አይቀርም» ብሎኝ
ቁጥሩን ጠራ፤ እኔም ቀጥታ ማሽኑ ላይ መታሁት።
ሠላሳ ምናምን። ምናምኑን ነው የረሳሁት።

ደወልኩ። እኅቱ ኡሊታ አነሣች፤
ከጀርባዋ ሽንኩርት ሲጠበስ ይሰማል።
«ኤፊምን?» አለች። ዝም አለች።
«ሐሙስ ቀበርነው።
መሬቱ ደርቆ አስቸገረ፤ በራሱ መሰርሰሪያ ነው የጀመሩት።»

አርባ አንዱን አስቀመጥኩ፣ በትክክለኛው በር።
ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ደግሜ ከፈትኩ፤ ሁሉም አቤት ይላል።
አሥራ ሰባተኛውን አልነካሁትም፣
ያው የሌሊቱ ፋይል ነው፣ ያቺው ቃል ናት ውስጡ።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤
ይውላል፣ አልካድኩም፤
ግን ብቻውን ነው የሚውለው።

ታቬት «‹የለም› ብለሽ ሙይው፣ ለዚህ የተሠራ ምልክት አለ» አለኝ።
ነገ፣ አልኩት።