ዕቅድ በእርሳስ

ሐሙስ ማታ ቨርሊን ደብተሯን ዘርግታ፣
ኒው ኦርሊንስን ልናይ ለሁለት ቀን ላፍታ፣
ዕቅድ ታወጣለች መነጽሯን ገፍታ።

ሁለት ሰዓት መንገድ ነው ከኛ ከሃቲስበርግ።

ቅዳሜ በማለዳ በትራም ሙዚየም፣
ቀትር ላይ በጀልባ፣ ገበያው ከዚያም፣
ለሽንት እንኳ የሚሆን ክፍት ሰዓት የለም።

«ዕረፍት ነው፣ ቨርሊንዬ፣ ወይስ የሥራ ፈረቃ?
አውቶቡስ ስነዳ ሠላሳ ዓመት በደቂቃ፣
ጡረታ የወጣሁት ሰዓት ማየት ሊበቃ!»

እርሳሷን ተቀብዬ ሰረዝኩት ሙዚየሙን፣
ሰረዝኩት ጀልባውን፣
ስኳር ካናቱ ላይ እንደ ብናኝ ሆኖ፣
እሱስ ይቆይ አልኳት፣ ትኩሱ ቦምቦሊኖ፤
ጥሩምባ ነፊዎች በደጃችን ካለፉ
በረንዳ ላይ ወጥተን፣
ካላለፉም፣ ቀሩ፤
ቲኬት አልቆርጥም እኔ።

«አንቺስ? ለራስሽ ምን ትሻለሽ?» ብላት
ዝም አለች።
ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ከዚያ ሞቴል ውስጥ
ሃያ ስድስት ዓመት የሰው አንሶላ ስትለውጥ
የጎበጠ አውራ ጣቷን እያሸች
ከገጹ ግርጌ አንዲት መስመር ጻፈች፦
«እኔ ያላነጠፍኩት አልጋ።»

ይኸን አልሰረዝኩም። እርሳሱን መለስኩላት።

ግን አውቃታለሁ፤ እሁድ ጧት ልንወጣ ስንል፣
እኔ ጫማዬን ስፈልግ ተንበርክኬ ካልጋው ሥር፣
እሷ ጫፍና ጫፉን ይዛ አንሶላውን ስትወጥር፣
ትራሱን መታ መታ አድርጋ፣
ለማታውቃት ሴት ትታ አሥር ዶላር፣
«ኦዴል፣ ፎጣውን ካስፋልቱ አንሣው እስቲ፣
ወገቧን ያማት ይሆናል» ስትለኝ።