ባዶ መተው የማይቻል ሳጥን

በቺሎኤ ደሴት ዝናብ ቤተኛ ነው፣
ሳያንኳኳ ገብቶ ጥጉን የሚይዘው።
ሌሊት ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሲያድር
ዶን አርሴንዮ አለ፣ ከምድር ቤቱ ሥር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ፓምፕና ሞኒተር
ሲጠግን የኖረ በአንድ ሰማያዊ ደብተር።

ደብተሩ እንዲህ ይላል፦
«የሕፃናቱን ማሞቂያ በግራ ጎኗ አትንኩ።
ሦስተኛ ፎቅ ያለው ራጅ ሰኞ ሰኞ ያኮርፋል።
ማምከኛዋ ስትዘጋ ጉልበት አትወድም፤ ትዕግሥት እንጂ።»

የቀረው ግን ሁሉ በራሱ ውስጥ ነበር።
ጡረታ ሊወጣም ቀርቶት ስድስት ወር
እኔ ተጠራሁኝ፣ ሶፍትዌር እንድመርጥ፣
ያንን ራስ ገልብጬ ስክሪን ላይ እንዳስቀምጥ።

ሦስት ሻጮች መጡ ባሕሩን ተሻግረው፣
ካፖርታቸው ርሶ፣ ላፕቶፑን ታቅፈው።
አንዱ በቀለማት ክብ አሽከረከረ፤
ዳይሬክተሩ ሳቀ፣ ሊፈርም ነበረ።
ሁለተኛው ደግሞ «በነጻ ነው» አለን፤
ነጻ ያሉት ነገር ዞሮ ነው የሚበላን።
ሦስተኛዋ ሴትዮ ምንም ሳታሳይ
«ጠይቁኝ» ብላ ተቀመጠች ወንበር ላይ።

ያን ጊዜ ኦቲሊያ፣ የሌሊቷ ነርስ፣
በሩን ተደግፋ፦ «እጄ በደም ሲርስ፣
ፓምፑ ሲጮህብኝ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
ማዕበሉ መስመሩን ድንገት ሲበጥስብኝ፣
ብልሽቱን ለመንገር ስንቴ ልንካው?» አለች።
አንዱ «አሥራ አንዴ» አለ።
አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።
እሷ ግን በጣቷ ቆጠረች፦
«አራት ጊዜ። መስመር ከጠፋ አቆይቶ ይልከዋል።
አራትም ይበዛል» ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።
ለዚያች «ይበዛል» ስንል እሷን መረጥናት።

ምርጫው ሠርግ ነበረ፣ ትዳሩ ቆጠራ፤
አልጋ ሥር ተኝተን በእጅ ባትሪ ጮራ
ቁጥር ለጠፍንባቸው ለሚተነፍሱት፣ ለሞቱትም ጭምር።
ሁለት ፓምፖች ተገኙ፣ ሲጠሩ ባንድ ቁጥር፤
ከመጥረጊያዎች ኋላ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት፣
አልትራሳውንድ ተኝቷል፣ ዋስትናው ከሞተ ዘጠኝ ዓመት።

ቁጥር አራት መቶ ሰባት።
ዲፊብሪሌተር፣ ድንገተኛ ክፍል።
ሞዴል፦ ሞላሁ። የተገዛበት ዓመት፦ ሞላሁ።
ባትሪው የተቀየረበት ቀን፦
ዶን አርሴንዮ ደብተሩን ገለጠ።
ዝናብ ገብቶበት ቀለሙ ሐይቅ ሠርቷል።
«ዝለይው» አለኝ።
ዘለልኩት። ስክሪኑ እምቢ አለ፣ ቀይ አሰመረበት፦
ይህን ሳጥን ባዶ መተው አይቻልም።

ዝም አለ። ጣራው ብቻ አወራ።
ከዚያ፣ ለእኔ ሳይሆን ለቀዩ መስመር፣
«አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበረ» አለ።
«የሰኔ ማዕበል ነው፤ ጓደኞቹ ተሸክመው አመጡት።
ማሽኑን ተጫንነው፣ አልበራም።
የጻፈው የኔው እጅ፣ ያነበበው የኔው ዓይን፤
ሁለት ይሁን ሰባት፣ እንጃ።
ማንም አልጠየቀኝም።
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም።»

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የሥራችን ሕግ፤
ከተቃጠለ በኋላስ ሰው ምን ያድርግ?

ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። ግምት ብጽፍ ይቀበለኛል፤
ለማሽን የትኛውም ቀን ቀን ነው።
እሱ ግን ተነሣ። ከመሳቢያው አዲስ ባትሪ አወጣ፣
በሱፍ ካልሲው እንደ ነበር ደረጃውን ወጣ።
ሲመለስ ትንፋሽ አጥሮታል።
«አሁን የዛሬውን ጻፊ» አለኝ።
ጻፍኩ። መስመሩ አረንጓዴ ሆነ።
የታችኛው ሳጥን «አስተያየት» ይላል፣ ሁለት መቶ ፊደል ብቻ፤
ስለ ማሞቂያዋ ግራ ጎን እዚያ ገባ፣ ስለ ሰኞም ራጅ።
ለዓሣ አጥማጁ ቦታ አልበቃም።

ኦቲሊያ ዛሬም ታጉረመርማለች፣ አራት ጊዜ ነው ብላ።
ዶን አርሴንዮ ጡረታ ከወጣ ዓመት አለፈው።
ስሙን ከዝርዝሩ ልሰርዝ ይገባኝ ነበር፤ አልሰረዝኩም።
ማስታወሻው ሲላክ ሁለት ስልክ ይንቀጠቀጣል፣
የእኔና የእሱ።
ከእኔ ቀድሞ ይደውላል፣ ከጀርባው ዝናብ እየተሰማ፦
«አራት መቶ ሰባት ተራዋ ደረሰ። ወጣሽ?»
«ደረጃው ላይ ነኝ» እለዋለሁ።
እስክደርስ አይዘጋም።