ተመለሱ

ሰኞ ማታ፣ አፉላ፣ ከምድር በታች መጠለያ፤
ለአሥሩ ሰው ትራስ፣ ለእኔ ጉልበት ወንበር ማረፊያ።
የግሪሻ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል።

«የቡድሃ ማኅበር ነው» ብላት እናቴ ክው አለች፤
«ወገራ ቡዳ ሲሉን ኖረው፣ ዛሬ ወደሽ ገባሽ?» አለች።

ኖጋ ደወሉን መታች፤
ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ አለቀ ስል አላለቀም።
ትንፋሽ ከመቁጠር በቀር ሌላ ሥራ የለም።

አንድ። ሁለት። ሦስት።
አራት ላይ የመብራት ሂሳብ፣
ከጦር ሰፈሩ ያልደወለ ልጄ፣
ትናንት በፈረቃዬ ገላዋን ያጠብኋት፣
በሟች እኅቷ ስም ስትጠራኝ ያደረች ባልቴት።

«ተመለሱ» አለች ኖጋ፣ ዓይኗን እንደከደነች።

ይህን ቃል አውቀዋለሁ፤
ልጅ ሆኜ በእሱ ተነሥቼ ሱዳን ድረስ ሄጃለሁ፤
አባቴን አሸዋ ውስጥ ቀብሬ፣
«ደረስሽ» ከተባልሁ በኋላም ሳልደርስ ኖሬ፣
ስንት ወረፋ፣ ስንት ፎርም፣ ስንት ዓመት፤
ለካስ አገሩ
ከአፍንጫ እስከ ከንፈር ነው፣ ጣት በማይሞላ ስፋት።

ደጅ፣ ማሳው ውስጥ፣ ቀበሮ ጮኸ።
ግሪሻ አንኮራፋ።
ሳቄን ዋጥሁና
አንድ አልሁ እንደገና።