ተነቀለ

በባሕር ዳር ወደብ፣ ከትኬት ቤቱ ደጅ፣
ሦስት ዓመት ሠራሁኝ ሆኜ የጀልባ እጅ።
ገመድ እጠቀልላለሁ፣ ከጀልባዋ ሆድ ውሃ እጨልፋለሁ፣
የዘጌን ጌሾ በኩንታል፣ የገበሬን በግ እጭናለሁ።

አለቃዬ ጋሽ አለኸኝ ነው፤ ጨው የበላው ሰው፣
ጣናን «ኩሬ» እያለ በንቀት የሚያየው፤
ምጽዋ ላይ አሥራ አንድ ዓመት በመርከብ ያገለገለ፣
በሰማያዊ ቀለም ክንዱ ላይ መልህቅ የተከለ።

አንድ ማለዳ ነው፤ ጉም ውሃውን ሳይለቅ፣
እጄ እስኪላላጥ ስቤ ሳወጣ መልህቅ፣
«ጋሼ፣ ሄድን!» ብዬ ጮኽኩኝ በደስታ።
ዞሮ አየኝ፣ ሞተሩን ሳይነካ ለአፍታ።

«ማነው ሄድን ያለህ? ቃል እኮ ይከብዳል፤
የባሕር ሰው መጀመሪያ ‹ተነቀለ› ይላል።
መልህቅ ከሥር ገብቶ ጭቃ ነክሶ ሲይዝ፣
መርከቧ የመሬት ናት፤ ወጀብ ቢንጣትም አትጓዝ።
ሰንሰለቱ ተስቦ ጥርሱ ከጭቃ ሲላቀቅ፣
ታች ካለው አፈር ጋር የነበረን ውል ሲያልቅ፣
ያኔ ነው ‹ተነቀለ› የሚባል፤ ለዚያች አንዲት ቅጽበት፤
ገና ጉዞ የላት፣ ከእንግዲህ የላት መሬት።
ደግሞ አስተውል፦ መልህቁ ገና ጀልባ ላይ አልወጣም፤
ተንጠልጥሎ ነው ያለው፤ እዚያ የለም፣ እዚህ አልመጣም።
ከፊት የቆመው ይጮኻል፣ አዛዡ ከላይ ይሰማል፤
መዝገብ ያዡ ሰዓቷን፣ ደቂቃዋን ይጽፋል።
ከዚያ ወዲያ ሞተርህ እንቢ ካለ፣ ንፋስ ነው ጌታህ፤
አለትም ከሆነ አለት፣ እሱ ነው ማደሪያህ።»

ወይዘሮ ይታይሽ፣ ዶሮ በቅርጫት ያቀፈች፣
«ስብከት ነው ወይስ መንገድ? የቁንዝላ ገበያ ይፈርሳል» አለች።
ከጥግ የተቀመጠ፣ ከዋሸራ የመጣ ተማሪ፣
«ይህስ ሰሙ ነው፤ ወርቁን ንገረን፣ አንተ ባለመሪ!»

ጋሽ አለኸኝ ዝም አለ። ዓይኑ አልፎ ሄዷል ከጣና ባሻገር፤
«የመጨረሻዋን ሌሊት ከፊት የቆምኩት እኔ ነበር፤
‹ተነቀለ!› ብዬ ጮኽኩ። ሰዓቷን ማንም አልጻፈም።
ከዚያ ወዲህ ‹መልህቅ ጣል› የሚል ቃል በጆሮዬ አላለፈም።
ደምበጫ ገባሁ፣ በእግር፣ በጭነት መኪና፤ እናቴ አላወቀችኝም፤
መሬት ሰጡኝ፤ አረስኩት፣ ዘራሁበት፤ ግን አልያዘኝም።
ሚስት አገባሁ፣ ደግ ሴት። ሌሊት አልጋው እንደ ማዕበል ሲንጠኝ፣
‹አለኸኝ› ብላ ስትጠራኝ፣ ስሜ ራሱ ያሳፍረኝ።»

ይህን ሲያወጋ፣ ሳናውቀው፣ ንፋሱ ዞሮ ኖሮ፣
ጀልባችን ደንገል ውስጥ ገባች፤ ከቅርጫቱ ጮኸች ዶሮ።
ሳቀ ጋሽ አለኸኝ፤ በሦስት ዓመት አንዴ።
«ይኸውልህ ትርጉሙ፤ አሁንስ ገባህ እንዴ?»
ሞተሩን አስነሳው፤ ጥቁር ጭስ፣ ሳል፣ ከዚያም ጉዞ፤
መልህቁ ከፊት ተንጠልጥሏል፣ የጣናን ጭቃ ይዞ።

ረፋድ ላይ ቁንዝላ ደረስን፤ ገበያው አልፈረሰም፤
ወይዘሮ ይታይሽ ዶሮዋን ሸጠች፤ የጀልባው ሒሳብ ግን ከእጃችን አልደረሰም።

ማታ ጀልባዋን ካሰርኩ በኋላ፣ ትኬት ስቆጥር በፋኖስ፣
የደብተሩን ጀርባ ገለጥኩ፤ እስክሪብቶዬን አሸሁት ቀለሙ እስኪፈስ፤
«ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። ጉም። ተነቀለ።»
ከሥሩ ስሙን፦ አለኸኝ። እጄ እዚያው ላይ ዘገየ፣ ዋለለ።
ዓመተ ምሕረት አልጨመርኩም፣ የየትኛው ወደብ እንደሆነም፤
የእሱ መርከብ ትሁን የእኛ ጀልባ፣ የጠየቀኝ የለም።